የደረቁ ጆሮዎች

ባለፈው ቅዳሜ ለጾም የሚሆነኝን ምስርና በርበሬ ልሸምት እዚህ ሮማ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገብቼ፣ አንድ የቻይና ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ የላስቲክ ከረጢት አየሁና ባለሁበት ቀረሁ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የደረቀ ጥቁር እንጉዳይ ነበር። የሚያውቁት ሰዎች ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። ለማያውቀው ግን የተጨማደደ የሰው ጆሮ ነው የሚመስለው። እኔ ከሚያውቁት ወገን ነኝ። እያወቅሁም እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ፤ በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ፣ ሁለቱም ጆሮዎቼ በቦታቸው መኖራቸውን ዳሰስሁ። በራሴ ልስቅ ስል ከጎኔ አንዲት ወጣት ሴት፣ በጠራ የሮማ ጣሊያንኛ፣ ለትንሽ ልጇ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «አየህ? ያለፈው ዓመት ልጆች ናቸው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልሰማሁትም፤ በዓለም ላይ ደግሞ ይህን የሚል ከአንድ ቤተሰብ በቀር አላውቅም።

ያን ጊዜ ገበያው እንደ ዛሬው ጣሪያ ሥር አልገባም። አትክልቱም ዓሣውም ዶሮውም አደባባዩን ዙሪያውን ከቦ ደጅ ይሸጥ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የዓሣው ውኃ በጥርብ ድንጋዩ መሐል እየወረደ የሰው ጫማ ያበላሻል። ሊሬ ገና አልተሻረም። በሁለት ሺህ ሊሬ አንድ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዤ እገባ ነበር፤ ላስቲኩ ጣቴን እስኪቆርጠው ድረስ። ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ነበር። ሰው ቤት አዳሪ ሆነን የምንሠራ ሴቶች ሁሉ የምንወጣው በዚያ ቀን ስለነበረ፣ የባቡር ጣቢያው አካባቢ በሐበሻ ይሞላል፦ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት፣ ባለ ወርቅማ ቁልፍ ሹራብ፣ ሲኞራዋ የሰለቻት የእጅ ቦርሳ። ጓደኛዬ ጽጌ ከሀገር ቤት በሰው የሚመጣ ካሴት ትሰበስብ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ የሰከረ እስኪመስል ድረስ ትሰማዋለች። እኔ መጽሐፍ ነበር የምሰበስበው። ፊደል የቆጠርሁት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የጣሊያኖቹን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከአርባ በኋላ፣ ከሥራ መልስ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያነበበው ነገር ካልተስተካከለለት እንቅልፍ አይወስደውም። ያ አመል አንድ ልጅ ሊያሳጣ ምንም አልቀረውም ነበር። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

አዳሪነቱን ትቼ በሰዓት መሥራት የጀመርሁ ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት የሁለት አሮጊቶች ቤት አጸዳና ከሰዓት በኋላ አደባባዩ መሐል ካለው አትክልት ቦታ፣ ድመቶቹ ከሚተኙበት ፍርስራሽ አጠገብ፣ መዝገበ ቃላቴን ይዤ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አጭር ቻይናዊት መጥታ ፊቴ ቆመች። አደባባዩን ከከበበው ባለ ቅስት በረንዳ፣ ከአርኬዱ ሥር ጃኬት በጅምላ የምትሸጠው ሴት ናት፤ በመልክ አውቃታለሁ።

«ሁልጊዜ አይሻለሁ፤ ብዙ ታወሪያለሽ?» አለችኝ።

«አላወራም።»

«ልጅ ትመቻለሽ?»

«አልመታም።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ነገ በስምንት ሰዓት ነዪ።»

ስሟን አና በይኝ አለች፤ እውነተኛ ስሟን ጣሊያኖች ስለሚሰባብሩት ለሥራ ያወጣችው ስም ነው። ልጇ ሜይ ትባላለች፣ አምስት ዓመቷ። ከእናቷም ከአባቷም ከእኔም አብልጣ ጣሊያንኛ የምትችል እሷ ነበረች፤ ቪጂሌው፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ሲጮህ ወጥታ የምታስረዳው እሷ፣ ደንበኛ ሲከራከር የምታስተረጉመው እሷ። እኔን ዚያ አለም፣ አክስቴ አለም፣ አለችኝ። ጽጌ ወሬውን ስትሰማ ደረቷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ፣ ሐበሻ ለቻይና ተቀጠረች ብዬ ለማን ልንገር? ሲኞራዎቹ ሁሉ አልቀው ነው?»

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው መጀመሪያ የደነገጥሁት። ሜይ አንድ ፊኛ ተከትላ እስከ መንገዱ ጠርዝ ወጣች፤ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሮጬ በክንዷ ያዝኋት። አና አልጮኸችም። ከባንኮኒው ሥር አንድ ከረጢት አወጣች፣ አንዱን የደረቀ ጥቁር ነገር መርጣ ከልጅቱ ጆሮ ጋር አስጠግታ ለካችው፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚለካው። በቻይንኛ ሁለት ቃል ተናገረችና ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች። ልጅቱ ነጭ ሆና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አለችሽ?» አልኋት ጎንበስ ብዬ።

«ያለፈው ዓመት ልጆች ናቸው።»

«ምኖቹ?»

«ጆሮዎቹ» አለችኝ፣ አለማወቄ ገርሟት።

ታሪኩን ያን ዕለት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ተራራ ላይ አንዲት አሮጊት አለች፤ ሰው ትመስላለች እንጂ ሰው አይደለችም። ወላጆች ሥራ ሲሄዱ ትወርድና በር ታንኳኳለች። ልጆቹ ማነው ሲሉ በአያታቸው ድምፅ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ትላለች። ይከፍታሉ። ገብታ አልጋው ላይ መሐላቸው ትተኛለች። ከዚያ ትልቋ ልጅ በጨለማ ውስጥ ቀርጨም፣ ቀርጨም የሚል ድምፅ ትሰማለች። «አያቴ፣ ምን እየበላሽ ነው?» «የማይሰማ ልጅ ጆሮ። ካልሰማበት ምን ያደርግለታል?» የተረፋትን ታደርቅና ለገበያ ትሸጣለች። አለቀ። ወደ ማታ አና እነዚያኑ «ጆሮዎች» ዘፍዝፋ ሾርባ ሠራች፤ ልጅቱም ተቀምጣ በላች! «ኧረ አትብዪ!» ልላት ምንም አልቀረኝም። «ምንም አይደለም ዚያ አለም፣ የሌላ ልጅ ናቸው» አለችኝ፣ አፏ ሙሉ።

ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ዝምተኛ ናት ተብዬ ብቀጠርም። «አና፣ ለአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?» አልኋት።

«ስንት ዓመት ሲሞላት ልንገራት?» አለች ጃኬቱን እያጠፈች። «ለእኔም በአምስት ዓመቴ ነው የተነገረኝ። ጆሮዬ ይኸው።» ጠጉሯን ገልጣ አሳየችኝ። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፊት ለፊት አውቶቡስ ነው፣ ከኋላ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ወደ ማጋዚኖው የሚወርደው ደረጃ ነው። አንቺ ጠዋት የለሽም። እኔ ደንበኛ ላይ ነኝ። ጠዋት ማን ይጠብቃት? ፍርሃቷ ነው የሚጠብቃት።»

ሐሙስ ለጽጌ ስነግራት ጭራሽ አልገረማትም። «አንቺስ በምን አደግሽ? ዝም በይ፣ ጅቡ መጣ ተብለሽ አይደል?»

«ጅቡ ከደጅ ነው የሚጮኸው፣ ጽጌ። በሩ ከተዘጋ አለቀ። የእነሱ እኮ አልጋ ውስጥ ገብታ ነው የምትተኛው፤ በአያታቸው ድምፅ!»

ጽጌ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ወይኔ!» አለች። «እሱስ ክፉ ነው።»

ታሪኩ ግን ከፍርሃቱ ሌላ በሌላም ነገር ሰላም ነሣኝ። ጉድለት ነበረበት። ልጆቹ ለምን ከፈቱ? ድምፅ ስለሰሙ ብቻ? የማታው መምህራችን ድርሰታችን ዳር ላይ በቀይ «ለምን?» እያለ ይጽፍብን ነበር፤ እኔም በልቤ እዚያ ቦታ ላይ ቀይ አሰመርሁ። ልሽረው ካልቻልሁ ላርመው አልሁ። አንድ ከሰዓት፣ ጃኬቶቹን በስቲሮ እየተኮስሁ፣ ለሜይ እንዲህ አልኋት፦ «አንድ ያልነገሩሽ ነገር አለ። አሮጊቷ ድምፅ ትሰርቃለች፤ የማንንም ድምፅ። የእናትሽንም ጭምር። እጅ መስረቅ ግን አትችልም። ስለዚህ ብልህ ልጅ ለድምፅ አትመልስም። ዝም ብላ እጅ እስክታይ ትጠብቃለች።» ሜይ ዓይኗ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጆች አጠናች። የእናቷ ጣት መቀስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠንክሯል። የእኔ አውራ ጣት ላይ ብረቱ ያቃጠለኝ ጠባሳ አለ፣ ባቄላ የሚያህል፣ የባቄላ ቅርፅ ያለው። ዓይኗን ጨፍና በዳበሳ ትለየን ጀመር። እኔ ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ መጽሐፍ ያሳተምሁ ያህል ኮራሁ። ፍርሃቱን ወደ ጥንቃቄ ለወጥሁት ብዬ።

ክረምት ነበር፤ ዝናብ አርኬዱን በአግድም ይመታል። ያን ቀን የአና እናት ከቻይና መጡ። ሜይ አያቷን አይታ አታውቅም። እሑድ እሑድ ግን ጣቢያው አጠገብ ካለው ስልክ ቤት በካርድ እየደወሉ ታወራቸው ነበርና ድምፃቸውን ጠንቅቃ ታውቃለች። ከአውሮፕላን ጣቢያ የመጡት ከተጠበቁበት ሰዓት ቀድመው ነው፤ ቡናማ ጥጥ ልብስ የለበሱ፣ አንድ ወርቅ ጥርስ ያላቸው ትንሽ አሮጊት፣ ከዝናቡ እየተንጠባጠቡ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉና «ሜይ ሜይ!» አሉ። የስልኩ ድምፅ ነው። ከማታውቀው አሮጊት አፍ ወጣ። እኔ ወንበር ላመጣላቸው ዞሬ ነበር፤ ስመለስ አና እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ልጅቱ የለችም።

መጀመሪያ አፍራ ነው አልን። ከመደርደሪያው ኋላ፣ ከመጋረጃው ኋላ አየን። ማጋዚኖ ወረድን፤ የአና ባልና አንድ ሾፌር ለናፖሊ የሚሄዱትን ካርቶኖች ወደ መኪናው እያወጡ ነበር፣ ልጅ አላየንም አሉ። ከዚያ አና ጮኸች። በቤት ጫማዋ ወደ ዝናቡ ወጥታ በአርኬዱ ሥር እየሮጠች ትጣራለች፤ በቻይንኛ፣ በጣሊያንኛ፣ መጨረሻ ላይ ቋንቋ በሌለው ድምፅ። ባሏ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ሥጋ ቤቱ፣ ባንግላዲሻዊው ጃንጥላ ሻጭ፣ ሁሉም «ሜይ!» ይላል። አያቷ ባመጣሁላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ ትራሙ ሐዲድ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ «ሲኞራ፣ መንገድ ዘግቼ ቆሜያለሁ፣ ቪጂሌው ይቀጣኛል፣ ልሂድ» አለኝ። ሂድ ልለው አፌን ከፈትሁ። አና ከማዶ እንደገና ተጣራች፤ ያን ጩኸት ሰምቶ የማይመልስ ልጅ የለም። የለም። ከአንዲት በቀር። እንዳትመልስ ካስተማርኋት ከአንዲት በቀር።

እኛ ሁላችን ፍለጋ ብለን የምንጣራው ጥሪ፣ ለእሷ አሮጊቷ በእናቷ ድምፅ እየመጣች ነው ማለት ነበር። በጮኽን ቁጥር ይበልጥ ትደበቃለች።

«ዝም በሉ!» አልሁ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አና ያበድሁ መስሏት አየችኝ። «አና፣ በሥላሴ፣ አትጥሪያት! ማንም እንዳይጠራ!» ያልፈተሽነው ካርቶኖቹን ብቻ ነበር፤ መኪናው ላይ ወጣሁ። ካርቶኖቹ በፕላስተር ታሽገዋል፤ በጎናቸው ግን መያዣ የሚሆን እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አላቸው። በመጀመሪያው እጄን ሰደድሁ፤ ቀዝቃዛ ናይለን። ጠበቅሁ። በሁለተኛው፤ ናይለን። በሌላው፣ በሌላው። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይቀጠቅጣል፣ ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። ከታች ባለው ካርቶን ውስጥ እጄን ስሰድ ምንም አልነካኝም፤ ላወጣ ስል አንድ ትኩስ፣ እርጥብ ጣት አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ባቄላዋን ዞረቻት። አንድ ጊዜ።

ፕላስተሩን በጥርሴ ነው የቀደድሁት። ክፍት ካርቶን ውስጥ ገብታ ጃኬቶቹን ራሷ ላይ ከምራ ተቀምጣ ኖሯል፤ አባቷ ቪጂሌው ሲጮህበት ሳያይ አሽጎ፣ ሾፌሩ ጭኖ፣ ላይዋ ላይ ሌላ ደርቦበት። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ ጠጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የናፖሊን መንገድ አሰብሁት። አቅፌያት ስወርድ በጆሮዬ ምን አለችኝ መሰላችሁ? በኩራት፣ ምስጋና የሚጠብቅ ተማሪ እንደሚለው፦ «ማማ ጠራችኝ፣ አልመለስሁም። አያቴ ጠራችኝ፣ አልመለስሁም። አንዴም አልመለስሁም፣ ዚያ አለም።»

አና ነጥቃኝ እቅፏ ውስጥ አስገባቻትና በቻይንኛ ጠየቀቻት፤ ምን እንደምትጠይቅ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ልጅቱ ረጅም መልስ ሰጠች፣ በመካከሉ ስሜን ሰማሁ። አና ቀና ብላ አየችኝ። ሥራዬን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬንም ያጣሁ መሰለኝ፤ የሥራ ውሉ በእሷ ስም ነበርና። «ዳቦ አምጪ፣ ልጅቷ ርቧታል» አለችኝ። በቃ። በማግስቱ መጣሁ፣ አልተባረርሁም። ሱቁ ወደ ሌላ ከተማ እስኪዛወር ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነሣም። እኔም አልተናዘዝሁም። ለጽጌ እንኳ የነገርኋት ልጅቱ ጠፍታ ተገኘች ብዬ ብቻ ነው።

አሎራ፣ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሴትዮዋ እንጉዳዩን ልጇ ጆሮ ላይ ስትለካ እጄ ከእኔ ቀድሞ ከረጢቱን ያዘ። ሴትዮዋ ፊቴን አላየችም። አውራ ጣቴን አየችና «ዚያ አለም?» አለች።

የአርባ ቁጥር ጫማ፣ መነጽር፣ አንገቷ ላይ የሥራ ባጅ፤ ሜይ ናት። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ የእንጉዳይ ሻጩ ከበሩ ገለል በሉ አለን። እናቷ ሚላኖ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። አያቷ ሀገራቸው ተመልሰው አርፈዋል። ጽጌ የት ናት ስትለኝ፣ ከከተማው ዳር፣ ሮማኒና፣ ካሴቶቿን ይዛ አልኋት። ከዚያ ትልቅ ሰው ነኝና፣ ሳላስተካክለው ልሞት አልፈልግምና ነገርኋት። «ሜይ፣ ለድምፅ አትመልሺ የሚለው የቻይና ታሪክ አይደለም። እኔ ነኝ የጨመርሁት። ካርቶኑ ውስጥ ያስቀመጥሁሽ እኔ ነኝ።»

«እናቴ ታውቃለች» አለችኝ። «ያን ቀን እዚያው ነግሬያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላባረረችኝም?»

«እኔም አድጌ ጠይቄያት ነበር። ካባረርኳት የምታምኚው እጅ ስንት ይቀርሻል አለችኝ።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን አጭር ሴት ልበ ደንዳና ብዬ ቆጥሬያታለሁ። ሜይ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። «ይቺ ናት» አለችው፣ «የታሪኩ እጅ።» ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አውራ ጣቴን ይዞ ባቄላዋን በጣቱ ዞራት፤ በጥንቃቄ፣ አንድ ጊዜ። «ኤ ሌይ» አለ፣ እሷ ናት ብሎ፣ ነገሩን እንዳጣራ ሹም። ሜይ ሳቀች። ተሰናበትሁ፣ ምስሬን አንሥቼ ወደ በሩ መንገድ ጀመርሁ።

አምስት እርምጃ ያህል እንደሄድሁ እጄ ከበደኝ። ልጁ አልለቀቀኝም ነበር። አብሮኝ እየመጣ ነው። እናቱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ አይቷት ከማያውቅ አሮጊት ጋር፣ ለአንድ ጠባሳ ብሎ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ አውቶቡሶቹ። ሜይ ለእንጉዳዩ እየከፈለች ጀርባዋን ሰጥታለች። የታሪኩን ጉድለት ስዘጋ ሌላ ቀዳዳ ከፍቼ ኖሯል፣ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ጠብቆኝ። «እጅም ቢሆን…» ልለው፣ አንድ ተጨማሪ መስመር ልጨምርለት፣ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

ከንፈሬን ነከስሁት። ልጁን በያዝሁት እጅ መልሼ ወሰድሁት፣ ትንሹን መዳፉን ከአውራ ጣቴ ላይ አላቅቄ እናቱ መዳፍ ውስጥ አስገባሁትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፍሁበት።

«ያዢው» አልኋት።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አለች ሜይ ደንግጣ።

«ምንም። ብቻ ያዢው።»